ሬብል 250 በሃይዌይ ላይ፦ የፊቱን ስፕሮኬት ልቀይር ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። የ2009 ሆንዳ ሬብል 250 ሞተር ሳይክል ገዛሁ። ከተማ ውስጥ እንደ ልቤ ነው። አይ-225 ሃይዌይ ላይ ስወጣ ግን 60 ማይል ካለፍኩ እጄ ይደነዝዛል፣ ንፋሱ ደረቴን ይዞ ወደ ኋላ ይጎትተኛል፣ ትልቅ ትራክ ሲያልፈኝ ሬብሉ ይወዛወዛል። የፊቱን ስፕሮኬት፣ ማለትም ካቴናውን የሚያዞረውን ባለ ጥርስ ብረት፣ ከ14 ጥርስ ወደ 15 ቀይረው፣ ይረጋጋልሃል የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ልቀይረው? ደግሞስ በዚህ ሞተር ሳይክል ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ደርሶ መመለስ ይቻላል?»

መልስ፦ ስፕሮኬቱን አይቀይሩት። ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ደርሰው መመለስ ይችላሉ፤ በአይ-25 ሃይዌይ ግን አልመክርዎትም። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ፤ ምክንያቱ ከገባዎት የቀረውን ራስዎ ያስተካክሉታል።

ሬብል 250 ስሙ 250 ይሁን እንጂ ትክክለኛ መጠኑ 234 ሲሲ ነው። ሁለት ሲሊንደር አለው፣ በአየር ይቀዘቅዛል፣ ማርሹ 5 ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ የኋላ ጎማው ጋ የሚደርሰው ጉልበት በግምት 15 የፈረስ ጉልበት ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ይህ ጉልበት በየትኛው ፍጥነት ላይ እንደሚያልቅ ላይ ነው። የንፋስ ተቃውሞ ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የንፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ግፊቱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ። ከ55 ማይል ወደ 70 ሲወጡ ፍጥነትዎ የጨመረው በሩብ ያህል ነው፤ ለንፋሱ የሚከፍሉት ጉልበት ግን እጥፍ ሆኗል። እንደ ሬብል ባለ ክሩዘር ላይ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ ቀጥ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ደረቱን ለንፋስ ሰጥቶ ነው። እንደ ሸራ ማለት ነው።

አሁን ወደ ኦሮራ እንምጣ። የምትኖሩበት ከተማ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 15 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ የሞተሩም ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል። ከ15ቱ የፈረስ ጉልበት 12 ተኩል ገደማ ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ ሞተር ሳይክል የነዳ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ አዲስ አበባ ከዴንቨርም ከፍ ትላለችና። መልካሙ ነገር፣ የሳሳው አየር የሚገፋዎትም በዚያው ልክ ቀለል ብሎ ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ የሬብሉ ከፍተኛ ፍጥነት ያን ያህል አይወርድም። ዳገት ላይ ግን ማካካሻ የለም። ክብደት በከፍታ አይቀንስም። ሬብሉ 150 ኪሎ ገደማ፣ እርስዎ ከነልብስዎ 85 ቢሆኑ፣ 6 በመቶ ዳገት በ60 ማይል ለመውጣት ለዳገቱ ብቻ 5 የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። ሜዳ ላይ በ60 ማይል ለመሄድ ደግሞ 9 ወይም 10 ያህል ጠፍቷል። ሁለቱን ደምሩት፤ 12 ተኩል አይበቃም። ዳገቱ ላይ ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍተውት እንኳ ፍጥነቱ የሚወርደው ለዚህ ነው፤ ሞተሩ ተበላሽቶ አይደለም።

ሃይዌይ ላይ ምቾት የሚሰጠው ሳይነካ የሚቀረው ትርፍ ጉልበት ነው። ጋዙ ሁለት ሦስተኛ ተከፍቶ ሲሄዱ፣ ንፋስ ቢመጣ፣ ዳገት ቢያጋጥም፣ ከመኪና ጎን መውጣት ቢያስፈልግ የሚጨምሩት አለዎት፤ ሰውነትዎም ይህን ስለሚያውቅ ይዝናናል። ጋዙ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን እጅዎ መሪውን ይጨብጣል፣ ትከሻዎ ይደርቃል፣ ድንዛዜው ይከተላል። በእርስዎ ከፍታ የዚህ ሞተር ሳይክል የተመቸ ፍጥነት ከ55 እስከ 62 ማይል ነው። 65ን ሜዳ ላይ ይይዛል፤ 70ን ከኋላ በሚገፋ ንፋስ ወይም በቁልቁለት ካልሆነ አይጠብቁ።

ስለ ስፕሮኬቱ። ፋብሪካው ያወጣው ከፊት 14፣ ከኋላ 33 ጥርስ ነው። በዚህ አደራረግ 5ኛ ማርሽ ላይ በ60 ማይል ሞተሩ በደቂቃ ወደ 6,500 ዙር ይዞራል። የፊቱን 15 ሲያደርጉት ወደ 6,100 ይወርዳል። ንዝረቱ ይቀንሳል፣ ድምፁም ይለሰልሳል፤ የሚመክሩዎት ሰዎች በዚህ አልዋሹም። ነገር ግን ይህ ሞተር ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው ከ8,000 ዙር በላይ ነው። ዙሩን ባወረዱት ቁጥር ካለው ጉልበት ላይ እየቀነሱ ነው። ሂውስተን ወይም ፍሎሪዳ፣ ሜዳና ወፍራም አየር ባለበት፣ 15 ጥርስ ጥሩ ምርጫ ነው፤ እዚያ ያለ ሰው ቢጠይቀኝ ቀይረው እለዋለሁ። ኮሎራዶ ላይ ግን 5ኛ ማርሽ የቁልቁለት ማርሽ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ትንሽ ንፋስ ፊት ለፊት በመጣ ቁጥር ወደ 4ኛ እየመለሱ ይሄዳሉ። የኋላውን 33 ወደ 30 የሚያወርዱትም አሉ፤ ያ ደግሞ ይብሳል፣ 10 በመቶ ነውና። ቀድሞ የነበረው ባለቤት ቀይሮት ሊሆን ስለሚችል ግን በግራ በኩል ያለውን የፊት ክዳን አውልቀው ጥርሱን ይቁጠሩ። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ስፕሮኬቱ ላይ ተቀርጿል። የፍጥነት መለኪያው ከፊት ጎማ ስለሚያነብ ስፕሮኬት ቢቀየርም አይዛባም፤ መለኪያውን አይቶ መለየት አይቻልም።

ብዙ ሰው ይህ ሞተር 7,000 ዙር ሲደርስ ሊፈነዳ የደረሰ ይመስለዋል። አይፈነዳም፤ ለዚያ ተሠርቷል። ጉዳቱ ያለው በተቃራኒው ነው፦ በዝቅተኛ ዙር ጋዙን ሙሉ ከፍቶ ዳገት ላይ ማስጨነቅ። ያኔ ሞተሩ ይግላል፣ ፍጥነትም አያገኝም። ዳገቱ ላይ ፍጥነቱ ወደ 55 ማይል ሲወርድ ሳይዘገዩ 4ኛ ያስገቡ። 4ኛ ላይ በ55 ማይል ዙሩ 7,100 ገደማ ነው፤ ጉልበቱ ያለው እዚያ ነው። ሃይዌይ ሲገቡም እንደዚሁ፦ መግቢያው ላይ 3ኛን እስከ 50 ማይል፣ 4ኛን እስከ 60 ይጎትቱት፣ 5ኛን መስመር ውስጥ ከገቡ በኋላ ያስገቡ። ከተማ ውስጥ እንደለመዱት በ40 ማይል 5ኛ አስገብተው ወደ አይ-225 ከገቡ ከኋላ የሚመጣው መኪና ይደርስብዎታል።

ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ሬብሉ ያለውን ጉልበት ሙሉ በሙሉ እየሰጠ መሆኑን ያረጋግጡ። 12 ተኩል የፈረስ ጉልበት ላይ አንዷ ብትጎድል ይታወቃል። የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስተው በእጅ ያዙሩት፤ የኋላው ፍሬን ከበሮ ያለው ዓይነት ስለሆነ ከመጠን በላይ ከተጠበቀ ሳይነካ ይይዛል። አሥር ማይል ነድተው ሲቆሙ የጎማው መሃል እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ካቴናው በታችኛው በኩል መሃሉ ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መላወስ አለበት። ከዚያ በታች የጠበቀ ካቴና ጉልበት ይበላል፣ ቤሪንግም ይጨርሳል። ሃይዌይ የሚሄድ ሰው በየ300 ማይሉ ካቴናውን ሞቅ እንዳለ ዘይት ይቀባው። የአየር ፊልትሮው ከቆሸሸ ይቀይሩት። የሞተሩን ቁልፍ አጥፍተው ጋዙን እስከ መጨረሻው ያዙሩና ካርቡራቶሩ ላይ ያለው ክንድ መቆሚያው ጋ መድረሱን ይዩ፤ ገመዱ ስለላላ ብቻ ጉልበቱ ሳይከፈት የሚነዳ ሰው ብዙ ነው።

ከ15 ወይም 20 ደቂቃ የሃይዌይ ጉዞ በኋላ ሬብሉ ቤንዚን እንዳለቀበት መንተፋተፍ ከጀመረና ቆመው ትንሽ ሲያርፍ ተመልሶ ደኅና የሚሆን ከሆነ፣ የታንኩን ክዳን ይክፈቱ። አየር ሲስብ «ፊስስ» የሚል ድምፅ ከሰሙ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው። ከተማ ውስጥ አይታወቅም፤ ቤንዚኑ በብዛት ሲፈስ ነው የሚታየው። ሁልጊዜ 50 ወይም 55 ላይ የሚቆምና ጋዝ ሲጨምሩ የሚደክም ከሆነ ደግሞ ዋናው ጄት፣ ማለትም ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚኑ የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ፣ ቆሽሿል፤ ለብዙ ዓመት ቆሞ የተሸጠ ሬብል ላይ የተለመደ ነው፣ ካርቡራቶሩ ወርዶ መጽዳት አለበት።

ካንዴላው መደበኛው ኤንጂኬ ሲአር6ኤችኤስኤ ነው። ሃይዌይ ላይ ረጅም ጊዜ ለሚነዳ ሰው አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ የሆነው ሲአር7ኤችኤስኤ ይመረጣል። ቤንዚን ሲቀዱ ኮሎራዶ ውስጥ የርካሹ ቤንዚን የኦክቴን ቁጥር 85 መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ሆንዳ የሚፈልገው 86 እና ከዚያ በላይ ስለሆነ 87ቱን ይቅዱ። 91 ምንም ትርፍ አይሰጥም።

አሁን ከሁሉም በላይ ትኩረት እንዲሰጡት የምፈልገው፦ ጎማና ዘይት።

የሬብል 250 ቸርኬ ባለ ሽቦ ነው፣ የውስጥ ጎማም አለው። የውስጥ ጎማ ያለው ጎማ ሲበሳ ቀስ ብሎ አይተነፍስም፤ በ60 ማይል ላይ በሰከንዶች ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። በተለይ የኋላው ሲያልቅ ሞተር ሳይክሉ ዓሣ እንደሚዋኝ ግራና ቀኝ ይላል። የ2009 ሬብል ሆኖ ማይሉ ትንሽ ከሆነ ጎማው ከፋብሪካ የወጣው ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ጥርሱ አዲስ ይመስላል፣ ላስቲኩ ግን ደርቋል። ጎማው ጎን ላይ «ዲኦቲ» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 2309 ቢል በ2009 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠራ ማለት ነው። ከስድስት ዓመት ያለፈ ጎማ ይዘው ሃይዌይ አይውጡ። ሲቀይሩ የውስጥ ጎማውንም አብረው ይቀይሩ፤ አሮጌውን መልሶ መጠቀም ቆጣቢነት አይደለም። የአየሩን መጠን ሞተር ሳይክሉ ላይ የተለጠፈው ምልክት ይነግርዎታል፤ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ በየሳምንቱ ይለኩ። የኮሎራዶ ጠዋትና ከሰዓት የሙቀት ልዩነት ትልቅ ስለሆነ ከሰዓት የለካ ሰው ይሳሳታል።

ዘይቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ይህ ሞተር ሲለወጥለት የሚይዘው ዘይት አንድ ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ እንደ መኪና የሚቀየር የዘይት ፊልትሮ የለውም። ራዲያተር ስለሌለው ሙቀቱን የሚያወጣው አየሩና ይህችው ዘይት ናት። ከተማ ውስጥ ምንም የማይበላ ሞተር በሃይዌይ ዙር ዘይት መብላት ሊጀምር ይችላል። ሁለት ሲኒ ቡና የሚያክል ቢጎድል ከመኪና ላይ ምንም አይደለም፤ እዚህ ግን ካለው ስምንተኛው እጅ ሄዷል። ስለዚህ ቤንዚን በቀዱ ቁጥር ዘይት ይዩ። ሞተሩን አጥፍተው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርገው ያቁሙ፣ የዘይት መለኪያውን አውጥተው ይጥረጉ፣ ከዚያ ሳያጠብቁት ጉድጓዱ ላይ አሳርፈው መልሰው ያውጡ። አጥብቀው ከለኩ ዘይቱ ካለው በላይ መስሎ ይታያል። 10ደብሊው-40 ሆኖ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት ያለበት የሞተር ሳይክል ዘይት ይጨምሩ። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ የሚሸጥ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል።

ወደ ሰውነትዎ ልመለስ። ደረትዎን የሚገፋው ንፋስ በእጅዎ ነው የሚያስይዝዎት፤ እጅ የሚደነዝዘው ግማሹ በንዝረት ግማሹ በዚህ ጭብጥ ነው። ርካሹ መፍትሔ ይህ ነው፦ ጠንከር ያለ ቦርሳ፣ ለምሳሌ ብርድ ልብስና የዝናብ ልብስ ተጠቅልሎ የገባበት፣ ከኋላዎ የተሳፋሪው ወንበር ላይ በሁለት ቀበቶ ግጥም አድርገው ይሰሩ። ታችኛው ጀርባዎ ቦርሳው ላይ ሲደገፍ ንፋሱን የሚሸከመው ቦርሳው ይሆናል እንጂ እጅዎ አይደለም። ልዩነቱ ከአሥር ማይል በኋላ ይታወቅዎታል። ከዚያ መሪውን የያዙትን አራት ቡሎኖች አላልተው መሪውን በጥቂቱ ወደፊት ያዙሩት፤ ሰውነትዎ ትንሽ ጎንበስ ይላል፣ የእጅ አንጓዎም ቀጥ ይላል። ካጠበቁ በኋላ መሪውን ዳር እስከ ዳር አዙረው ገመዶቹ እንዳልተወጠሩ ይዩ።

ዊንድሺልድ ይጠቅማል፣ ዋጋ ግን ያስከፍላል። ትልቁ፣ እስከ ግንባር የሚደርሰው፣ ከእርስዎ ሞተር ሳይክል ላይ ጥቂት ማይል ይቀንሳል፤ የጎን ንፋስ ሲመታውም መሪውን ይዞ ይጎትታል። ለሬብል የሚበቃው ትንሹ ነው፦ ከመብራቱ በላይ ተነሥቶ ንፋሱን ከደረትዎ ላይ የሚያነሣና ሄልሜትዎን በንጹሕ ንፋስ ውስጥ የሚተው። የላይኛው ጫፍ ከአገጭዎ በታች ይሁን፤ ጫፉ አፍንጫዎና ግንባርዎ መሃል ላይ ከሆነ ንፋሱ እየተንከባለለ ሄልሜትዎን ይደበድበዋል፣ ራስ ምታት ያመጣል። ገጥመው ሲነዱ ግራ እጅዎን ከሄልሜትዎ ፊት ቀስ ብለው ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ ንፋሱ የሚንቀጠቀጥበትን ከፍታ እጅዎ ይነግርዎታል፣ ዊንድሺልዱን በዚያ መሠረት ያዘንብሉ። ከሄልሜት ሥር ደግሞ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ያድርጉ። የንፋስ ድምፅ መስሚያን ከመጉዳቱም ሌላ ሰውን ያደክማል፤ ድምፁ ሲቀንስ 60 ማይል ራሱ የቀነሰ ይመስላል።

የዴንቨር አካባቢ ሃይዌይ ብዙ ቦታ ላይ በቁመቱ ቀጫጭን መስመር የተቆረጠበት ኮንክሪት ነው። የሬብሉ የፊት ጎማ ቀጭን ስለሆነ መስመሮቹን ይከተላል፣ መሪውም በእጅዎ ውስጥ ትል ትል የሚል ይመስላል። አይጥልዎትም። በጉልበትዎ ታንኩን ያዝ፣ እጅዎን ለቀቅ ያድርጉ፣ ዓይንዎን ሩቅ ይጣሉ። መሪውን አጥብቆ መታገል ነው የሚያባብሰው። ትራክ ሲያልፍዎትም ተመሳሳይ ነው፦ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋዎታል፣ ከዚያ ወደ ራሱ ይስብዎታል። ትራኩን መስታወት ላይ ሲያዩ ከመስመሩ መሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ይጠጉና ለሁለቱም ቦታ ይተዉ። ንፋስ ለማምለጥ ብሎ ትራክ ጀርባ መጠጋት ግን ፈጽሞ አይሞከር፤ ከሥሩ የሚወጣውን የጎማ ቁራጭ አያዩትም።

ከመንገዱ ፍጥነት በታች የሚሄድ ሰው ትልቁ አደጋው ከኋላ ነው። የቀኙን መስመር ይያዙ፣ መግቢያ ሲመጣ አስቀድመው ለሚገቡት ቦታ ይክፈቱ፣ ከኋላ በፍጥነት የሚመጣ ካዩ ፍሬኑን ነካ ነካ አድርገው መብራቱን ያብሩት። አይ-225 ላይ መኪናው በ65 ሲሄድ እርስዎ በ60 መሄድ ይቻላል። ኢ-470 የሚባለው የክፍያ ሃይዌይ ግን 75 ማይል ነው፣ ሜዳው ክፍት ነው፣ የጎን ንፋሱም ብርቱ ነው፤ በዚያ ላይ ይህን ሞተር ሳይክል አይንዱ። ዕለታዊ ሥራዎ ወደዚያ የሚያስኬድዎ ከሆነ ገንዘብዎን ለስፕሮኬትና ለዊንድሺልድ ከማውጣት ሬብል 500ን ይዩ። ቁመቱ ለእርስዎ አዲስ አይሆንም፣ ሞተሩ 471 ሲሲ ነው፣ 75 ላይም ትርፍ ይኖርዎታል።

ኮሎራዶ ስፕሪንግስ። አይ-25 ሞኑመንት ሂል በሚባለው ዳገት ላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ይወጣል፣ በዙሪያውም የመንገዱ ፍጥነት እስከ 75 ይደርሳል። እዚያ ዳገት ላይ በ50 ማይል ከትራኮች ጋር መሰለፍ ነው የሚጠብቅዎት። ከኦሮራ የሚሻለው በደጅዎ ያለው ፓርከር ሮድ ነው፤ እርሱ ራሱ የግዛቱ መንገድ 83 ሆኖ በፓርከርና በፍራንክታውን አልፎ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ይገባል። እርሱም ያንኑ ከፍታ ይሻገራል፣ ግን ቀስ እያለ ነው፣ ፍጥነቱም ለሬብሉ የተመቸ ነው። አብዛኛው ክፍል ባለ ሁለት መስመር ስለሆነ ከኋላ መኪና ሲበዛ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገው ቀኝ ይዘው ያሳልፏቸው። በጋ ከሆነ በጠዋት ይነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ከተራራው በኩል መብረቅና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይመጣል።

የቤንዚን መለኪያ እንደሌለዎት አይርሱ። ታንኩ 10 ሊትር ገደማ ነው፣ ሃይዌይ ላይ ደግሞ ከከተማው የበለጠ ይበላል፤ 100 ማይል ሲሞላ ይቅዱ። በመንገድ ላይ መንተፋተፍ ቢጀምር ግራ እጅዎን ሰድደው የቤንዚኑን ቧንቧ ወደ ሪዘርቭ (መጠባበቂያ) ያዙሩት፤ ቆመው ሳሉ ሳያዩ ማዞር ይለማመዱ። ከቀዱ በኋላ ወደ ኦን ይመልሱት፤ ሪዘርቭ ላይ የረሱት ቀን የሚያስጠነቅቅዎት ነገር አይኖርም።